ለአውቶቡስ ብቻ

በንባብ ክፍላችን ካሉት እናቶች አንዷ ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ጠየቁኝ። «አንተ ልጅ፣ አዲስ አበባ ላይ መንገዱን በቀለም ከፍለው ለአውቶቡስ ብቻ ሰጡት አሉ። መንገድ የሁሉም አይደለም እንዴ? እንዴት ነው ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው የሚከለከለው?» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። መልሱ ግን ቶሎ አልመጣልኝም። «ለሚመጣው ሳምንት ጽፌ አመጣለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። ይኸው ጽፌአለሁ።

እኔ ይህን ነገር መጀመሪያ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከአጎቴ ጋር አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን ካየነው ነው። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

አጎቴ የሚኖሩት አረካ አጠገብ ነው። እንሰትና ጎደሬ ተክለው፣ በቆሎ ዘርተው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ኩላሊታቸውን ታመሙና «አዲስ አበባ ሄደው ይታዩ» ተብሎ ወረቀት ተጻፈላቸው። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። እሳቸው በሆሳዕናና በቡታጅራ በኩል መጥተው፣ በዓለም ገና አድርገው ከተማው ገቡ። ያን ሌሊት ጀሞ የሚባለው ሰፈር ዘመድ ቤት አደርን። ቀጠሮው ጠዋት በ2 ሰዓት ተኩል ነው። እኛ በ12 ሰዓት ተኩል ፌርማታ ላይ ቆመናል። «ሁለት ሰዓት ሙሉ አለን፣ አይዞዎት» አልኳቸው።

አውቶቡሱ ሞልቶ መጣ። አንድ ተማሪ ተነስቶ አጎቴን አስቀመጣቸው። እኔ አጠገባቸው ቆምኩ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄድን። ከዚያ ቆምን። ትንሽ ተንቀሳቀስን፣ እንደገና ቆምን። ወደ ፊት ሲያዩት መኪና፣ ወደ ኋላ ሲያዩት መኪና ነው። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ እጁን መሪው ላይ አሳረፈ።

አጎቴ በመስኮት ቁልቁል ያያሉ። ዝም ብለው ቆዩና በወላይትኛ «እዚህች መኪና ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው» አሉኝ። «በዚያኛዋም አንድ ነው። በዚያችኛዋ ሁለት።» መቁጠር ጀመሩ። አጠገባችን በቆሙት 12 የቤት መኪናዎች ውስጥ 15 ሰው አገኙ። «እኛስ ስንት ነን?» አሉኝ። የቆመውንም የተቀመጠውንም ቆጠርኩ። 70 እናልፋለን።

«እኛ ሀገር በሽተኛ በቃሬዛ ሲመጣ ያየ ሰው ከመንገድ ወጥቶ ይቆማል» አሉ አጎቴ። «ከብት የሚነዳውም ከብቱን ወደ ዳር ይመልሳል። ሃምሳ ሰው ተሸክሞ የሚመጣ ነገርማ እንዴት አይታለፍለትም?»

እኔ መልስ አልነበረኝም። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ 3 ሰዓት ከ45 ሆኗል። ተራችን አልፏል። ካርድ የምትሰጠዋ ልጅ ክፉ አልነበረችም፤ ግን ከኋላ የመጡት ገብተው አልቀዋል። ለሌላ ቀን ተቀጠርን። ሌላው ቀን የሚባለው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አጎቴ ሕመማቸውን ይዘው አረካ ተመለሱ። የመሳፈሪያ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ወጣ። የበቆሎው ኩትኳቶም ጊዜው አለፈ።

እንዲህ ያለው ነገር የደረሰው በእኛ ብቻ አይደለም። ከወላይታ ወጥተው አዲስ አበባ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉን። የቀን ሠራተኛ የሚቀጠረው በማለዳ ነው። አውቶቡሱ ከዘገየ ያን ቀን ሌላ ሰው ይቀጠርበታል። የቀኑ እንጀራ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

እስቲ እንቁጠር

አሁን እርሳስና ደብተር ያዙ። አንድ የከተማ አውቶቡስ 60 ሰው ጫነ እንበል። በማለዳ ከዚህ በላይ ይጭናል፤ እኛ ግን ዝቅ አድርገን እንያዘው። ያው 60 ሰው በቤት መኪና ይሂድ ቢባል፣ በአንድ መኪና ሁለት ሁለት ሰው ቢቀመጥ፣ 30 መኪና ያስፈልጋል። አንድ የቤት መኪና፣ ከፊቱ ከሚተወው ክፍት ቦታ ጋር፣ 7 ሜትር ያህል መንገድ ይይዛል። 30 ጊዜ 7 ስንት ነው? 210 ሜትር። ሁለት የኳስ ሜዳ በቁመት ቢቀጣጠል ማለት ነው። አውቶቡሱስ? ከፊቱ ካለው ክፍት ቦታ ጋር 15 ሜትር ቢይዝ ነው።

እንግዲህ መንገዱን የሞላው ሰው አይደለም፤ ቆርቆሮ ነው። አውቶቡሱ መንገዱን አላጣበበም። ግን ካጣበቡት ጋር እኩል ይሰለፋል፤ እኩልም ይዘገያል።

ሌላ ስሌት። አንድ አውቶቡስ በቀን 12 ሰዓት ይሠራል እንበል። መንገዱ ተዘጋግቶ አንዱን ምልልስ በ2 ሰዓት ከጨረሰ፣ በቀን 6 ጊዜ ይመላለሳል። መንገዱ ተለቆለት በአንድ ሰዓት ተኩል ከጨረሰ 8 ጊዜ ይመላለሳል። አራት አውቶቡስ ስድስት ስድስት ጊዜ ሲመላለስ 24 ይሆናል። ሦስት አውቶቡስ ስምንት ስምንት ጊዜ ሲመላለስም 24 ነው። ሦስቱ የአራቱን ሥራ ሠሩ። አዲስ አውቶቡስ አልተገዛም፤ ሹፌርም አልተጨመረም። የተጨመረው የቀለም መስመር ነው። እኔ በግሌ ከሁሉም የገረመኝ ይህ ነው።

የአውቶቡስ መስመር የሚባለው ይህ ነው። በአንድ ሰፊ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት መኪና ጎን ለጎን ይሄዳል። ከእነዚህ ረድፎች አንዱ በቀለም ይለይና አውቶቡስ ብቻ ይሂድበት ይባላል። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሠራተኛና ተማሪ በሚበዛበት በጠዋትና በማታ ብቻ ይሆናል። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ግን ምንጊዜም ማለፍ አለባቸው።

ሙከራ ማለት

አዲስ የበቆሎ ዘር ሲመጣ ማሳውን ሁሉ አትዘሩበትም። በአንድ ጥግ ትሞክሩታላችሁ። ከያዘ ለሚቀጥለው ዓመት ታሰፋላችሁ፤ ካልያዘ የጠፋባችሁ ጥቂት ነው። የአውቶቡስ መስመርም በብዙ ከተማ የተጀመረው እንዲህ ነው። በአንድ መንገድ ላይ ቀለም ይቀባል፣ ትራፊክ ፖሊስ ይቆማል፣ ከዚያ ይታያል።

ግን ገበሬው ሲሞክር ይለካል። ከዚህኛው ጥግ ስንት ቁና ወጣ፣ ከዚያኛው ስንት ወጣ ብሎ ያነጻጽራል። ያልለካ አልሞከረም። በመንገዱም እንዲሁ ነው። አውቶቡሱ ከቀለሙ በፊት ከዚህ ፌርማታ እስከዚያ ፌርማታ በስንት ደቂቃ ይደርስ ነበር? አሁንስ? በሰዓት ስንት ሰው አለፈ? በጎን ያሉት መኪናዎችስ ምን ያህል ዘገዩ? የባለሱቁ ገበያ ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም? ይህ ተጽፎ ካልተያዘ፣ «ጠቀመ» የሚለውም «ጎዳ» የሚለውም ወሬ ብቻ ይሆናል።

አዲስ አበባ አውቶቡስን አዲስ አልለመደችም። አንበሳ አውቶቡስ ሥራ የጀመረው በ1935 ዓ.ም. ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ባቡር መጣ። አንዱ መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ ነው። ባቡሩ የራሱ ሐዲድ አለው፤ መኪና አይገባበትም። መኪናው ቆሞ ባቡሩ ሲያልፍ የከተማው ሰው በዓይኑ አየ። ነገር ግን ባቡር ብዙ ገንዘብ ይበላል። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ለዓመታት ቆመው ነበር። ስለዚህ «ሐዲድ ሳንዘረጋ ለአውቶቡስም የራሱን መንገድ ብንሰጠውስ?» የሚለው ሐሳብ ጎላ። ከተማው በ2010ዎቹ በአንዳንድ መንገዶቹ ላይ የአውቶቡስ መስመር ለይቶ ሞከረ። ከዚያ የበለጠ፣ ከዊንጌት ተነስቶ መሃል ከተማውን አቋርጦ ጀሞ የሚደርስ ፈጣን የአውቶቡስ መንገድም ታቅዷል። ጀሞ ማለት አጎቴ ያደሩበት ሰፈር ነው። በሆሳዕና በኩል ከእኛ አገር የሚሄድ መንገደኛ ወደ ከተማው የሚገባው በዚያ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ነገሩ የአዲስ አበቤ ብቻ አይደለም።

አጎቴ ያነበቡት

ሦስቱ ሳምንት አለቀና አጎቴ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ብልህ ሆንን። በሌላ አቅጣጫ ዞረን፣ የሙከራ መስመር በተቀባበት አንድ መንገድ የሚያልፍ አውቶቡስ ያዝን። አጎቴ ፊደል የቆጠሩት በስተርጅና ነው። ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ ሳያነቡ አያልፉም። የሱቁን ሰሌዳ፣ የስኳሩን ከረጢት፣ የመኪናውን ኋላ፣ ሁሉንም ያነባሉ። አውቶቡሱ መብራት ላይ ሲቆም በመስኮት ቁልቁል አዩና አስፋልቱ ላይ በቀለም የተጻፈ አገኙ። ከጎን ስለሆኑ ፊደሉ ተጋድሞባቸዋል። አንገታቸውን አዘንብለው «አ… ው… ቶ… ቡ… ስ» አሉ። ቆም ብለው ደግሞ «ብ… ቻ» አሉ። «አውቶቡስ ብቻ!» ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

መብራቱ ለቀቀን። በግራ በኩል መኪናው እንደቆመ ነው። እኛ ሄድን። ደስ ይል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኩራት ቢጤም ተሰማኝ። አምስት ደቂቃ ያህል እንዲህ ሄደን አውቶቡሱ ድንገት ቆመ። አንድ የቤት መኪና መስመራችን ላይ ቆሟል። ሹፌሩ ወርዶ ስልክ ያወራል። የእኛ ሹፌር ጡሩምባ ነፋ። ሰውዬው እጁን አንስቶ «አንድ ደቂቃ» አለ። አንዱ ደቂቃ ስድስት ደቂቃ ሆነ። አውቶቡሱ ወደ ግራ እንዳይወጣ ሌሎቹ መኪናዎች ተጠጋግተው አጥረውታል።

አጎቴ አስፋልቱን አዩ፣ መኪናውን አዩ። «ይህ ሰው ማንበብ አይችልም እንዴ?» አሉኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። ግን የሳቅ ነገር አይደለም። 6 ደቂቃ በ60 ሰው ሲባዛ 360 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው ቆሞ ስልክ ሲያወራ ከሌሎች ሰዎች ላይ 6 ሰዓት ወሰደ። የማንንም ኪስ አልነካም፤ ስለዚህ ሌባ አይባልም።

ቀለም ብቻውን መንገድ አይጠብቅም። ያን ቀን የተረዳሁት ይህንን ነው። መስመሩ በመንገዱ ዳር ሲሆን ችግሩ ይበዛል። ዳር ላይ ዕቃ የሚያራግፍ አለ፣ የሚያቆም አለ፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ አለ፣ ሚኒባስ ታክሲም ሰው እጁን ባነሳበት ሁሉ ይቆማል። መስመሩ በመንገዱ መሃል ሲሆን ይህ ሁሉ ይቀራል። ነገር ግን ተሳፋሪው ወደ መሃል ለመድረስ መኪና እያለፈ መሻገር አለበት። ዜብራና መብራት ካልተሠራለት አደጋ ነው። ሁለቱም መላ ይፈልጋል።

ስለ ሚኒባሱ አንድ ነገር ልበል። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል። አምስት ሚኒባስ 60 ሰው ነው። ስለዚህ እሱም የሕዝብ መኪና ነው፤ እንደ ቤት መኪና ሊታይ አይገባውም። በእኔ አስተያየት ፌርማታ ላይ ብቻ እቆማለሁ ካለ ይግባ። እንዳሻኝ እቆማለሁ ካለ ግን ከኋላው ያለውን አውቶቡስ ያስራል።

በነገራችን ላይ ሆስፒታል በ2 ሰዓት ከ10 ደረስን። አጎቴ ታዩ፣ መድኃኒት ተጻፈላቸው። አሁን ደህና ናቸው። ኩትኳቶው ላይ ናቸው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ለንደን የአውቶቡስ መስመር መለየት የጀመረችው በ1960 ዓ.ም. ነው። በብራዚል አገር ኩሪቲባ የምትባል ከተማ በ1967 ዓ.ም. ለአውቶቡስ የራሱን መንገድ ሠራች። ኩሪቲባ ለባቡር የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራት አውቶቡሱን እንደ ባቡር አስኬደችው። ብዙ ከተማ ከእርሷ ተማረ።

ወደ እኛ እንቅረብ። የታንዛንያዋ ዳር ኤስ ሳላም በ2008 ዓ.ም. 21 ኪሎ ሜትር ያህል የአውቶቡስ መንገድ ከፈተች። መስመሩ በመንገዱ መሃል ነው፤ በዳርና በዳሩ ግንብ ስላለው የቤት መኪና በቀላሉ አይገባበትም። ቀድሞ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችል የነበረው ጉዞ ወደ 45 ደቂቃ ወረደ። ሁሉም ግን አልተቃናም። አውቶቡሶቹ ከሕዝቡ ቁጥር ጋር አልተመጣጠኑም፤ ተሳፋሪው ተጨናንቆ ይሄድ ነበር። አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢም በረባዳ ቦታ ስለተሠራ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይገባበት ነበር። እንዲህ ያለውን ቦታ ገበሬ ቢጠየቅ ኖሮ «እዚህ በረት አይሠራም» ይል ነበር።

ያልተሳካም አለ። በሕንድ ዋና ከተማ በዴልሂ፣ በ2000 ዓ.ም. 6 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መስመር ተከፈተ። ባለ ቤት መኪናዎቹ «መንገዳችንን ወሰዱብን፣ ወረፋችን ረዘመ» አሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2005 ዓ.ም. አቤቱታውን አልተቀበለም፤ መስመሩ ይቆይ አለ። ጩኸቱ ግን አልቆመም። በመጨረሻ በ2008 ዓ.ም. ፈረሰ። ዳር ኤስ ሳላም በከፈተችበት ዓመት ዴልሂ አፈረሰች።

ባለ መኪናዎቹ ሁልጊዜ ስህተት አይደሉም። ይህንንም እንቁጠረው። በአንድ ረድፍ ላይ በሰዓት 600 የቤት መኪና ያልፋል እንበል። ሁለት ሁለት ሰው ቢይዙ 1,200 ሰው ነው። ረድፉን ለአውቶቡስ ሰጥተን በሰዓት 3 አውቶቡስ ብቻ ቢያልፍበት 180 ሰው አለፈ ማለት ነው። ያኔ ከሰርን። ባዶ መንገድ እያየ የቆመ ሰው ቢናደድ እውነት አለው። 1,200 ሰው ለማሳለፍ በሰዓት 20 አውቶቡስ ያስፈልጋል። 60 ደቂቃ ለ20 ሲካፈል 3 ነው፤ በየሦስት ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ ትርፍ ነው። ስለዚህ መስመር የሚቀባ ከተማ በቂ አውቶቡስ ማሰማራትም አለበት። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

የእናታችንን ጥያቄ አልረሳሁም። «እንዴት ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው ይከለከላል?» ነው ያሉት። እናቴ፣ መንገዱ የተሰጠው ለአውቶቡሱ አይደለም። ውስጡ ላሉት 60 ሰዎች ነው። ባለ መኪናውም ቢሆን መኪናውን አቁሞ ቢሳፈር ማንም አይከለክለውም። መኪና የሌለው ግን ባለ መኪና ሁን ቢባል አይችልም።

ሶዶስ?

ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት። የአርባ ምንጩም፣ የሆሳዕናውም፣ የሻሸመኔውም መንገድ እዚያ ይገናኛል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ለጉዳይ የሚመጣው ሰው በዝቷል። በገበያ ቀን ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ጋሪው፣ አህያውና እግረኛው በአንድ አስፋልት ላይ ሲጋፋ ሁላችሁም ታያላችሁ።

ዛሬ ሶዶ ላይ የአውቶቡስ መስመር ይቀባ አልልም። የከተማውን ሰው የሚያመላልሰው በአብዛኛው ባጃጅ ነው። ከላይ በቆጠርነው ቁጥር መስመሩ ባዶ ይቆማል። አዲስ መንገድ ሲወጣና የቆየው ሲሰፋ ግን ቦታ መተው ይቻላል። ቤት ከተሠራበት በኋላ ማስፋት ካሳ ይጠይቃል፤ አስቀድሞ መተው ይቀላል። ባጃጅ የሚቆምበት ቦታ ለብቻው ቢለይ፣ እግረኛው መሄጃ ላይ ዕቃ ባይዘረጋ፣ ለዛሬ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ዕቃ የሚዘረጉትም ከእኛው መንደር የሚወርዱ እናቶች ናቸው። እነሱን ከማባረር በፊት የሚሸጡበት ቦታ ይሰጣቸው።

ለሚመጣው ሳምንት ሥራ ልስጣችሁ። ሶዶ ወይም አረካ ወይም ቦዲቲ ገበያ የምትሄዱ፣ ከመንገድ ዳር በሚያስተማምን ቦታ ለ10 ደቂቃ ቁሙ። ደብተራችሁን በሁለት ክፈሉት። በአንዱ በኩል ያለፈውን ተሽከርካሪ፣ በሌላው በኩል ውስጡ ያለውን ሰው መዝግቡ። ባጃጁን ለብቻ፣ ሚኒባሱን ለብቻ፣ አውቶቡሱን ለብቻ አድርጉት። እግረኛውንም አትርሱ፤ እሱም መንገደኛ ነው። ሁሉንም በ6 ብታባዙት የአንድ ሰዓቱ ይወጣል። ረቡዕ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ አንድ ላይ እንጽፈዋለን። አጎቴም የአረካውን ቆጥረው እንደሚልኩልኝ ነግረውኛል።